የሚቀበል ትምህርት ቤት ስለ መምረጥ

ሰው የሚማርበትን ቤት ሲመርጥ ምን መመልከት ይገባዋል ተብሎ ቢጠየቅ፥ አብዛኞቹ ወላጆች የሚሰጡት መልስ የታወቀ ነው፤ ስሙ የተሰማ ይሁን፥ መምህራኑ የበሰሉ ይሁኑ፥ ልጁም ከዚያ ሲወጣ እንጀራ ያግኝ ይላሉ። ይህ መልስ ትክክል ነው፤ ነገር ግን ለሁሉ አይበቃም። ከዚህ ሁሉ በፊት የሚቀድም ሌላ ጥያቄ ያለው ልጅ አለ፤ ይኸውም «በዚያ ቤት እንደ ሆንሁት ሆኜ ለመቀመጥ ይፈቀድልኛልን፥ ወይስ አራት ዓመት ሙሉ ተሸሽጌ ልኖር ነው» የሚል ነው። ጥያቄውን ድምፁን አውጥቶ አይጠይቀውም። ለአባቱ አይነግረውም፥ ለንስሐ አባቱ ወይም ለመጋቢው አይነግረውም፤ ማታ ብቻውን ሲሆን ከራሱ ጋር ይነጋገርበታል።

ስለ ማን እንደምናገር አንባቢ በግልጽ እንዲያውቅ እወዳለሁ። ፍቅሩ ወደ ራሱ ጾታ ስላደላ ልጅ፥ እንዲሁም በተወለደበት ጾታ ራሱን ስለማያገኝ ልጅ ነው። በአገራችን ይህ ነገር ሲነሣ ሁለት ዓይነት አነጋገር ብቻ ይታወቃል፤ አንዱ ስድብ ነው፥ ሁለተኛው ዝምታ ነው። ሁለቱም አሳብን አያበስሉም። እኔ ፊደልንና መጽሐፍ ቅዱስን በአንድነት በሚሲዮን ትምህርት ቤት የተማርሁ፥ ኋላም በዚሁ በጌዴኦ ምድር ጠመኔ ይዤ ያረጀሁ ሰው ነኝ፤ ቤተ ክርስቲያኔ ስለዚህ ነገር የምታስተምረውን አውቃለሁ፥ ያንን ለማፍረስም ብዕር አላነሣሁም። የምመረምረው ሌላ ነገር ነው። ትምህርት ቤት ለተማሪው ምን ዕዳ አለበት? ተማሪስ ለእውነት፥ ለወላጆቹና ለገዛ ሕይወቱ የሚገባውን እንዴት አድርጎ ይመዝናል?

ከሁሉ አስቀድሞ «መምረጥ» የሚለው ቃል ራሱ በእኛ ዘንድ ጠባብ መሆኑን ማስታወስ ይገባል። በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ ሲሰጥ፥ ከተፈተኑት ግማሽ ነጥብና ከዚያ በላይ ያገኙት ከመቶ 3.3 ብቻ ነበሩ። ያለፈውም ተማሪ የሚወዳቸውን ዩኒቨርሲቲዎች በተራ ይሞላል እንጂ የሚመድበው የትምህርት ሚኒስቴር ነው፤ የዲላ ልጅ ወደ ጎንደር፥ የጎንደር ልጅ ወደ ዲላ ይላካል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ራስ ገዝ ከሆነ ወዲህ የራሱን የመግቢያ ፈተና ይሰጣል፤ ይህ ምርጫን ጥቂት አስፍቶታል። ከዚህ የሰፋ ምርጫ ያለው የነፃ ትምህርት ዕድል ፈልጎ ወደ ውጭ አገር የሚጽፍ ነው። ከወናጎ ወይም ከይርጋጨፌ የቡና ገበሬ ቤት የወጣ ልጅ በስልኩ ላይ የካናዳን፥ የአሜሪካን ወይም የደቡብ አፍሪካን ትምህርት ቤቶች ሲያመዛዝን ማየት ዛሬ እንግዳ ነገር አይደለም።

እንግዲህ መቀበል ማለት ምንድር ነው? በቋንቋችን «ቻለ» እና «ተቀበለ» የተለያዩ ቃላት ናቸው። የጎረቤቱን ጩኸት የቻለ ሰው ጎረቤቱን ተቀበለው አይባልም፤ ጩኸቱ እስኪያልፍ ጥርሱን ነክሶ ቆየ ይባላል እንጂ። እንግዳን የተቀበለ ግን ቦታ ይለቅለታል፥ ውሃ ያቀርብለታል፥ ሌሊት ቢታመም ይነሣለታል። በ2010 ዓ.ም. በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ አካባቢ በተነሣው ግጭት ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ከቤቱ ሲፈናቀል፥ የአገራችን ሰው ይህን ልዩነት በሥራ አሳይቶታል። ቤተ ክርስቲያኑ፥ ትምህርት ቤቱ፥ ገና ያላለቀው ሕንጻ ሁሉ በሰው ሞላ፤ የራሱ ልጆች በቅጡ ያልጠገቡለት ሰው እንኳ ቆጮውን ከሌላው ጋር ተካፈለ። ይህን ዓይኔ አይቶታል፥ ስለዚህም የዚህ አገር ሰው መቀበል አያውቅም የሚለኝን አልሰማውም። እውነቱን ለመናገር ግን ያን ጊዜ የመጣው እንግዳ አብዛኛው ቋንቋችንን የሚናገር ወገናችን ነበር። ከባዱ ነገር የሚመጣው እኛን የማይመስለው በር ሲያንኳኳ ነው።

ይህንንም ከባድ ነገር ዩኒቨርሲቲዎቻችን በ2012 ዓ.ም. አይተውታል። በዓመቱ የመጀመሪያ ወራት በወልድያ ዩኒቨርሲቲ በተነሣ ጠብ ሁለት ተማሪዎች ሞቱ፤ ሁከቱም ወደ ሌሎች ግቢዎች ተዛምቶ በሺህ የሚቆጠሩ ተማሪዎች ሻንጣቸውን ይዘው ወደ ወላጆቻቸው ተመለሱ። በዚያ ዓመት ወላጅ ሁሉ ስለ ትምህርቱ ዓይነት መጠየቁን ትቶ «ልጄን በዚያ አገር ይወዱልኝ ይሆን» ማለት ጀመረ። እንግዲህ ከላይ ያነሣሁት የዚያ ብቸኛ ልጅ ጥያቄ ከባሕር ማዶ የመጣ ጥያቄ አይደለም፤ ያን ጊዜ የየቤቱ ጥያቄ ነበር። ልዩነቱ ይህ ነው፤ በብሔሩ ምክንያት የሚፈራ ተማሪ ቢያንስ አባቱና እናቱ አብረውት ይፈራሉ። ይኸኛው ግን የሚፈራው እነርሱንም ጭምር ነው።

በዚያ የክፋት ጊዜ አንድ ዩኒቨርሲቲ ያደረገው ነገር እስከ ዛሬ ያስደስተኛል። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ «የቃል ኪዳን ቤተ ሰብ» የሚባል ሥርዓት አቋቋመ፤ ከሩቅ ለመጣ ተማሪ በከተማው ውስጥ አንድ ቤተ ሰብ ይሰጠዋል። በበዓል ቀን የሚበላበት፥ ሲታመም የሚጠይቀው፥ ጸብ ሲነሣም የሚሸሸግበት ቤት አገኘ ማለት ነው። ይህን የምጠቅሰው መቀበል በበር ላይ የሚጻፍ «እንኳን ደኅና መጡ» የሚል ሰሌዳ አለመሆኑን በደንብ ስለሚያሳይ ነው። በስም የሚታወቅ፥ ሌሊት ቢጠሩት የሚመጣ አንድ ሰው መኖሩ ነው።

የቀደመውንም ዘመን ብንመለከት፥ በ1958 እ.ኤ.አ. የነፃ አፍሪካ አገሮች በአክራ በተሰበሰቡ ጊዜ ኢትዮጵያ ለአፍሪካ ወጣቶች የነፃ ትምህርት ዕድል እሰጣለሁ ብላ፥ ከኬንያ፥ ከኡጋንዳ፥ ከናይጄሪያና ከሌሎችም አገሮች ተማሪዎች ወደ አዲስ አበባ መጥተው ነበር። በአንደኛው ዓመት የእኛ ተማሪዎች እንግዶቹን አስተማርናቸው ብለው አሰቡ፤ ጥቂት ቆይቶ ግን እንግዶቹ የእኛዎቹን ስለ መብትና ስለ ነፃነት መጠየቅ አስተማሯቸው። የተቀበለ ቤት እንደ ነበረ አይቀርም፤ ይለወጣል። አንዳንድ ቤት በሩን የሚዘጋው እንግዳውን ጠልቶ ሳይሆን ይህን ለውጥ ፈርቶ ነው ብዬ አምናለሁ።

አሁን ወደ ሕጉ ልምጣ። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ በቁጥር 600፥ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ደግሞ በአንቀጽ 629 በአንድ ጾታ ሰዎች መካከል የሚፈጸመውን ግንኙነት ወንጀል አድርገውታል፤ ቅጣቱ እስራት ነው፥ ነገሩን የሚያከብዱ ሁኔታዎች ሲኖሩም እስራቱ ይበረታል። (የ1949ኙን ሕግ ያረቀቁት ፕሮፌሰር ዣን ግራቨን የስዊስ ሰው ነበሩ፤ አገራቸው ስዊስ ግን ይህን ወንጀል ከ1942 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከመጽሐፏ ሰርዛው ነበር። አንድ ነገር በሁለት አገር ሕግ ሁለት መልክ እንደሚይዝ ሳስብ ይገርመኛል።) በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ደግሞ የአዲስ አበባ የጸጥታ ቢሮ ይህ ድርጊት ይፈጸምባቸዋል በተባሉ ሆቴሎችና መጠጥ ቤቶች ላይ እርምጃ መውሰድ መጀመሩን አስታውቆ፥ ሕዝቡም ጥቆማ እንዲሰጥ ጠይቋል። ስለዚህ በዛሬይቱ ኢትዮጵያ በሩን ከፍቶ «እናንተም ኑ» የሚል ዩኒቨርሲቲ የለም፥ ሊኖርም አይችልም። ለልጅ የሌለ ነገር አለ ብሎ መንገር ጭካኔ ነው።

ነገር ግን አንባቢ አንድ ነገር ያስተውል። ሕጉ የሚቀጣው ድርጊትን ነው። ዝንባሌን፥ አረማመድን፥ የድምፅ ቅጥነትን፥ አለማግባትን አይቀጣም። ሐሜት ግን እነዚህን ሁሉ ይቀጣል፤ ዳኛ ሳይኖረው፥ ምስክር ሳይሰማ። ስሙን በማልጠራው አንድ ትምህርት ቤት ሳስተምር፥ በሒሳብ ከክፍሉ ሁሉ የሚበልጥ ልጅ በወሬ ብቻ ከአዳሪ ቤት እንዲወጣ ተወሰነበት። በስብሰባው ላይ ማን ምን አየ ብዬ ጠየቅሁ፤ ያየ አልነበረም። «ጠባዩ ያስታውቃል» ተባልሁ። ጠባዩ የሚያስታውቀው የነበረው ትሕትናውንና የእጅ ጽሑፉን ማማር ነበር። ልጁ 12ኛ ክፍልን ሳይጨርስ ወደ አጎቱ አገር ሄደ፥ ከዚያ በኋላ አላየሁትም። ከባልደረቦቼ አንዱ «የብዙዎቹን ጤና ስንጠብቅ አንዱ ቢጎዳ ምን ይደረጋል» አለኝ። ይህን አነጋገር ቀያፋም በሸንጎው ፊት ያቀረበው መሆኑን ነገርሁት፥ ከዚያም ወዲያ ያ ሰው ሻይ አልጠራኝም።

እንግዲህ ወደ ውጭ አገር የሚያመለክት ልጅ በመጀመሪያ የሚያጋጥመው ጥያቄ የእውነት ጥያቄ ነው። ብዙዎቹ የባሕር ማዶ ዩኒቨርሲቲዎች አመልካቹ ስለ ራሱ እንዲጽፍ ይጠይቃሉ። በአሜሪካ በኢሊኖይ የሚገኘው ኤልምኸርስት ኮሌጅ በ2011 እ.ኤ.አ. በማመልከቻው ላይ ይህንኑ ነገር በግልጽ የጠየቀ የመጀመሪያው ሆኗል፤ መልሱም ለፈቀደ ብቻ ነበር። የሚያስደንቀው ያ ኮሌጅ በሃይማኖተኞች የተመሠረተ፥ ከቤተ ክርስቲያን ጋር የተቆራኘ መሆኑ ነው። ልጁ እንዲህ ያለውን ጥያቄ ሲያይ ሁለት አሳብ ይከፍለዋል። «ብጽፍ ወረቀቱ ማን እጅ ይገባል? ባልጽፍ ዋሸሁ ማለት ነው?»

አይደለም፥ አልዋሸህም። ዝም ማለትና መዋሸት እንደ ሌሊትና እንደ ጥላ የተለያዩ ናቸው። ጀርመናዊው ፈላስፋ ካንት በ1797 እ.ኤ.አ. በጻፈው ጽሑፍ፥ ወዳጅህን ለመግደል የሚፈልግ ሰው በርህ ላይ መጥቶ ቢጠይቅህ እንኳ መዋሸት አይፈቀድልህም ይላል። ብዙ ሰዎች ይህን ስላለ አሾፉበት፤ እኔ ግን አላሾፍም፥ እውነትን እንዲህ የሚያከብር ሰው ሊከበር ይገባዋል። ይሁን እንጂ ከካንት ቀድሞ በመጽሐፈ ሳሙኤል የተጻፈውን እንመልከት። ሳሙኤል ዳዊትን ሊቀባ ወደ ቤተ ልሔም ሲታዘዝ፥ ሳኦል ቢሰማ ይገድለኛል ብሎ ፈራ፤ እግዚአብሔርም ጊደር ይዞ እንዲሄድና ለመሥዋዕት እንደ መጣ እንዲናገር ነገረው። መሥዋዕቱ እውነት ነበር፤ ቀሪው ተከደነ። እውነት ዕዳ ነው፤ ዕዳም የሚከፈለው ለባለ ዕዳው ነው እንጂ በመንገድ ለሚያልፍ ሁሉ አይደለም። መዝጋቢው፥ የኤምባሲው ጸሐፊ፥ የመኝታ ክፍል ጓደኛ፥ ደግሞም ቴሌግራም ላይ ወንድሜ እያለ የሚጽፍልህ ፊቱን ያላየኸው ሰው፥ እነዚህ ሁሉ የልብህ ባለ ዕዳዎች አይደሉም። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ከስልክ የወጣማ ወዴት እንደሚደርስ ማን ያውቃል። በወረቀት ላይ ለመጻፍ የሚያስብ ልጅ ከመጻፉ በፊት ይህ ወረቀት በሌላ ሰው እጅ ቢታይ፥ ለምሳሌ የትምህርት ማስረጃዬን በሚልከው ጽሕፈት ቤት ቢነበብ፥ እናቴ ምን ይደርስባታል ብሎ ይጠይቅ።

ዝም ማለት ውሸት ካልሆነ፥ መፈረም ግን ሌላ ነገር ነው። በዚህ ላይ ትንሽ እቆያለሁ፥ ምክንያቱም በደቡብ አገራችን ካሉ ወንጌላውያን ቤቶች የሚወጡ ልጆች ብዙ ጊዜ ዕድል የሚያገኙት በክርስቲያን ኮሌጆች በኩል ነው። ከእነዚህም ብዙዎቹ ተማሪው ሲገባ የሥነ ምግባር ቃል ያስፈርማሉ፤ በቃሉም ውስጥ የአንድ ጾታ ፍቅር የተከለከለ ሊሆን ይችላል። ይህን ማድረግ መብታቸው ነው፥ ቤታቸው ነውና። ነገር ግን ልጁ «ገንዘቡ ይገኝ እንጂ ፊርማ ምን ያደርጋል» ብሎ ቢፈርም፥ አራት ዓመት ሙሉ በሁለት ፍርሃት ይኖራል፤ አንዱ እንዳይያዝ፥ ሁለተኛው ቃል አፍራሽ መሆኑን ራሱ ስለሚያውቅ። ቃሉን ከልቡ ሊጠብቅ የሚወድ ልጅም አለ፥ ብዙ ጊዜ የማይነገርለት። እምነቱ እንዲህ እንድኖር ይጠይቀኛል ብሎ በገዛ ፈቃዱ የመረጠውን ሰው ማንም ሊያፌዝበት አይገባም፤ ለእርሱ እንዲያ ያለው ቤት ተስማሚ ሊሆን ይችላል። የማይገባው ሌላው ነው፤ በማያምንበት ቃል ሥር ስሙን የሚጽፈው።

ደግሞም የቤቱን ደንብ ሲያነብ የአንድ ሳምንት ወሬ አያታለው። በአሜሪካ የሞርሞን ቤተ ክርስቲያን ንብረት የሆነው ብሪገም ያንግ ዩኒቨርሲቲ በየካቲት 2020 እ.ኤ.አ. ስለዚህ ነገር የሚናገረውን ክፍል ከደንቡ አወጣው። ተማሪዎች ደስ አላቸው፤ አንዳንዶቹም ነፃ ወጣን ብለው ራሳቸውን በአደባባይ ገለጡ። ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶ ከበላይ ደብዳቤ መጣ፤ ቃሉ ቢወጣም ክልከላው እንዳለ ነው የሚል። እስቲ በእነዚያ ሁለት ሳምንታት ውስጥ ምስጢሩን የተናገረውን ልጅ አስቡት። ደንቡ ጥብቅ መሆኑ ብቻውን አላሳዘነኝም፤ ጥብቅ ደንብ ግልጽ ከሆነ ሰው አውቆት ይርቀዋል ወይም ይገባበታል። የሚያሳዝነው ከፍቶ መዝጋት ነው።

የቤቱን ስም ብቻ አይተው የሚወስኑ ልጆችም አሉ። ሃርቫርድ ቢባል የማይመኘው ማን ነው? በዚያ ስመ ጥር ቤት በ1920 እ.ኤ.አ. አንድ ተማሪ ራሱን ካጠፋ በኋላ የዩኒቨርሲቲው አለቆች በምስጢር ችሎት ተቀምጠው፥ ተማሪዎችን አንድ በአንድ እየጠሩ ስለ ጓደኞቻቸው ጠየቁ፤ የተጠረጠሩትን ከትምህርት ቤቱ ብቻ ሳይሆን ከከተማው እንዲወጡ አዘዙ። ከተጠሩት መካከል አንዱ ወዲያው ራሱን አጠፋ። ነገሩ ሰማንያ ዓመት ተሸፍኖ ቆየ፤ በ2002 እ.ኤ.አ. የዚያው ትምህርት ቤት ተማሪዎች ጋዜጣ አወጣው። ዛሬ በዚያው ሃርቫርድ ይህን የሚያህል ነገር ሊደረግ ቀርቶ ሊታሰብም አይችልም። ታዲያ ምን ተለወጠ? ድንጋዩ ያው ነው፥ ቤተ መጻሕፍቱ ያው ነው። ስለዚህ የሚጠየቀው ቤቱ ትልቅ ነው ወይ አይደለም፤ ባለፈው ችግር በደረሰ ጊዜ የቤቱ አለቆች ከማን ጋር ቆሙ ነው። የምልመላ መጽሔቱ በየገጹ ሳቂታ ፊቶችን ያሳያል፤ ሳቁን ተዉና የቅሬታ ሰሚው ማን እንደ ሆነ፥ የተማሪ ጉዳይ ስንት ቀን እንደሚፈጅ፥ የተከሰሰ ተማሪ የሚናገርለት ሰው ይፈቀድለት እንደ ሆነ ጠይቁ።

ቤቱ ደግ ሆኖ አገሩ ክፉ ሊሆንም ይችላል። እንግሊዛዊው የሒሳብ ሊቅ አለን ቱሪንግ በ1931 እ.ኤ.አ. ወደ ካምብሪጅ ኪንግስ ኮሌጅ ሲገባ፥ ኮሌጁ እንደ እርሱ ያሉትን ሰዎች ብዙ ሳይመረምር አብሮ የሚኖር ቤት ነበር፤ በ22 ዓመቱም መምህራኑ መካከል አስቀመጠው። ዛሬ በእጃችን ያለው ኮምፒውተር ሁሉ የእርሱን አሳብ ይዞ ይሠራል። የእንግሊዝ ሕግ ግን የኮሌጁን ግድግዳ አላየም፤ በ1952 እ.ኤ.አ. በማንቸስተር ተከስሶ ተፈረደበት፥ ከእስራት ይልቅ ሰውነቱን የሚለውጥ መድኃኒት እንዲወስድ ተገደደ፥ በ1954ም ሞተ። እንግሊዝ ሕጉን በ1967 ለወጠች፤ ለእርሱ ምሕረት የተጻፈለት በ2013 ነው። ከሞተ ከሃምሳ ዘጠኝ ዓመት በኋላ ማለት ነው። ይህን የምለው ለልጆቹ ስለ ቤቱ ብቻ ሳይሆን ስለ አገሩም ሕግ እንዲያነቡ ነው። ማኬሬሬ የታወቀ ዩኒቨርሲቲ ነው፥ ከእኛም ቅርብ ነው፤ ኡጋንዳ ግን በ2023 እ.ኤ.አ. በአንዳንድ ሁኔታ እስከ ሞት የሚያደርስ ሕግ አውጥታለች። ይህን ሳያውቅ ወደዚያ የሚሄድ ልጅ እሳት ሸሽቶ ወደ ረመጥ ገባ።

ደቡብ አፍሪካስ? የ1996 እ.ኤ.አ. ሕገ መንግሥቷ ሰውን በፍቅሩ ዝንባሌ ምክንያት መለየትን በስም ጠርቶ ከልክሏል፤ በዓለም የቀደማት የለም። ከኬፕ ታውንና ከዊትዋተርስራንድ ዩኒቨርሲቲዎች የሚወጣው ትምህርትም ከፍ ያለ ነው። ነገር ግን በዚያችው አገር በ2008 እ.ኤ.አ. ለብሔራዊው የሴቶች እግር ኳስ ቡድን ትጫወት የነበረችው ዩዲ ሲሜላኔ በጭካኔ ተገደለች፤ በዚያው ዓመት ደግሞ በውጭ አገር ሰዎች ላይ በተነሣው ሁከት የኢትዮጵያውያን ሱቆች ተዘረፉ። ከእኛ አገር የሚሄድ ልጅ አንድ ነገር ብቻ ሆኖ አይሄድም። ጥቁር ነው፥ እንግዳ ነው፥ ድኻ ነው፥ ሃይማኖተኛ ነው፥ ከዚህም ጋር ያ በልቡ የያዘው አለ። አንዱን ክፍሉን እልል ብሎ የሚቀበል ቤት ሌላውን ክፍሉን ላያየው ይችላል። በአውሮፓና በአሜሪካ ስለ ፍቅር ነፃነቱ ሲያጨበጭቡለት፥ የእሑድ ጸሎቱን ሲያዩ የሚገረሙ ወይም ስለ ቀለሙ የማይገባ ነገር የሚናገሩ ሰዎች ሊያጋጥሙት ይችላሉ። ይህን አስቀድሞ ማወቅ ተስፋን አይቆርጥም፤ ልክ ያለው ተስፋ ያደርገዋል።

ስለ ወላጆች ልናገር። «አባትህንና እናትህን አክብር» የሚለውን ትእዛዝ ይዘው ልጁን የሚከሱት አሉ፤ ሄደህ ብትገለጥ ታዋርዳቸዋለህ ይሉታል። ማክበር ማለት የወላጅን ፍርሃት ሁሉ መፈጸም ማለት ቢሆን ኖሮ፥ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ለመማር ከወላጆቻቸው ጋር የተጣሉት የእኔ ዘመን ልጆች ሁላችንም ትእዛዙን አፍርሰናል ማለት ነበር። ልጅ የሚያከብረው በሕይወት ሲኖር፥ ሲማር፥ ሲሠራ፥ እናቱ ስትታመም የመድኃኒቷን ሲልክ ነው። በአንጻሩ ደግሞ ሄዶ በነፃ አገር ከተቀመጠ በኋላ ያሳደጉትን ሰዎች አውሬዎች አድርጎ በየመድረኩ የሚያወራ ልጅ ደስ አያሰኘኝም። እናቱ ያላት እውቀት የተሰጣት ብቻ ነው፤ እንሰቱን ፍቃ፥ ቡናውን ለቅማ ያስተማረችው እርሷ ናት። በሄደበት ከተማም ብዙ ኢትዮጵያውያን ካሉ፥ ያ ማኅበር እንጀራውም ሐሜቱም የአገር ቤት መሆኑን አይርሳ፤ በዋሽንግተን ማታ የተወራ ዲላ ላይ ጠዋት ይሰማል። ከማኅበሩ ፈጽሞ መራቅም ሰውን ያደርቃል። መጠኑን እያንዳንዱ ራሱ ያግኘው፤ እኔ ከዚህ ሆኜ ልለካለት አልችልም።

ከእነዚህ ሁሉ ጥያቄዎች መካከል ለእኛ ለቀረነው የሚሆን አንድ ታሪክ አለ፥ እርሱም የራሳችን ነው። በሐዋርያት ሥራ በስምንተኛው ምዕራፍ የምናነበውን የንግሥት ህንደኬን ባለ ሟል በኩራት እንጠራዋለን፤ ክርስትና ወደ አገራችን ቀድሞ ገባ የምንለው በእርሱ ነው። ነገር ግን ስብከቱ ሲሰበክ ጃንደረባ መሆኑን ፈጠን ብለን እናልፈዋለን። በኦሪት ዘዳግም በ23ኛው ምዕራፍ እንደ እርሱ ያለ ሰው ወደ እግዚአብሔር ጉባኤ እንዳይገባ ተከልክሎ ነበር። ያን ያህል መንገድ በሠረገላ ሄዶ፥ ሰግዶ ሲመለስ፥ የነቢዩን መጽሐፍ እያነበበ ሳለ ፊልጶስ አገኘው። ውሃ ባየም ጊዜ እንዳይጠመቅ የሚከለክለው ምን እንደ ሆነ ጠየቀ። ይህ ጥያቄ ተራ ጥያቄ አይመስለኝም፤ ብዙ ጊዜ የተከለከለ ሰው ጥያቄ ነው። ፊልጶስ የዘዳግምን ቍጥር ሊጠቅስለት ይችል ነበር፥ አልጠቀሰም፤ አብሮት ወደ ውሃው ወረደ። ጃንደረባው ዛሬ ከምንናገርላቸው ልጆች ጋር አንድ ነው አልልም፤ ምሳሌ ሁሉ አንድ እግሩ ያነክሳል፥ የሥነ መለኮት ሊቃውንትም ብዙ የሚሉት ይኖራቸዋል። የምለው ይህን ብቻ ነው፤ አንዱን ሰው ከጉባኤ ለማስወጣት መጽሐፍ ሲገለጥ፥ በእጃችን ያለው መጽሐፍ ራሱ ወደ አገራችን የገባው በማን እጅ እንደ ሆነ የሚያስታውስ አንድ መምህር በስብሰባው ላይ ቢገኝ ጥሩ ነው።

የጌዴኦ ገበሬ በአንድ ማሳ ውስጥ ቡናውን ከእንሰቱ ሥር፥ እንሰቱን ከዋንዛው ሥር አድርጎ ይተክላል፤ ለዚህም መልክዓ ምድራችን በ2023 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። እንግዶች ሲመጡ ይህን አሳይተን ልዩ ልዩውን በአንድነት እናኖራለን እንላቸዋለን። እውነት ነው። ከዛፉ ጋር ግን ያን ያህል ከታገሥን ከሰው ጋር ለምን እንቸኩላለን እያልሁ አንዳንድ ጊዜ በቡናው መካከል ስሄድ አስባለሁ። ሶንጎ ላይ የተቀመጡት ሽማግሌዎች ክስ ሲሰሙ ተከሳሹ እስኪጨርስ ድረስ አያቋርጡትም፤ ያን ትዕግሥት ወደ ትምህርት ቤቶቻችን ያመጣው የለም።

ይህን ሁሉ ስናገር ግን የተናገርሁት ስለ ጥቂቶች ነው። አብዛኛው ወደ ውጭ አይሄድም። ሌላው፥ ያው ጥያቄ በልቡ ያለው፥ ምደባው በሚኒስቴሩ ወጥቶ ወደ ሰመራ፥ ወደ መቱ ወይም ወደዚሁ ወደ ዲላ ይመጣል፤ ከማያውቃቸው ልጆች ጋር በአንድ ክፍል ውስጥ በተደራረበ አልጋ ላይ ይተኛል። ለእርሱ የሚመረጥ ቤት የለውም። ያለው በዚያ ክፍል ውስጥ ያሉት ልጆች ናቸው፤ ይህን መጽሐፍ የምታነቡ እናንተም ከእነርሱ መካከል ልትሆኑ ትችላላችሁ። ማታ መብራቱ ከጠፋ በኋላ በእንዲህ ያሉ ሰዎች ላይ ቀልድ ሲጀመር፥ ሁሉ ሲስቅ አንዱ ዝም ቢል፥ ለምን ዝም አለ ብላችሁ በስልካችሁ መብራት ፊቱን አትፈልጉት። ስለ ነገው ፈተና አንድ ነገር ጠይቁ፥ ወሬው ወደዚያ ይዞር።